ሰው የማያድርበት ክፍል

«ትናንት የት አሳደራችሁት?» አለ በስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ። «ሰው የማያድርበት ክፍል ነው አይደል?»

«አዎ፣ አዎ፣ ሰው የማያድርበት ነው» አለች የወንድሟ ሚስት።

ይህ ሲባል ተኳሿ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ቆማ አንሶላ ታሰጣ ነበር። ተኳሿ የሚሏት ጠመንጃ ይዛ ስለዘመተች አይደለም፤ ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል ውስጥ ካውያ ይዛ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ስለኖረች ነው። ምላሷም ኢላማ አይስትም የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምትኖረው ከታናሽ ወንድሟ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። የሚያወሩት ስለ ወንድሟ ልጅ ላፕቶፕ መሆኑ ገብቷታል። ልጅቱ የቤት ፕላን እየሳለች ነው የምትተዳደረው፤ ትናንት አመሻሽ ላይ ክዳኑ አልገጥም ብሏት ገልብጣ ብታየው ሆዱ ተነፍቷል። በስልክ የሚያወራው የወንድሟ ሚስት የአክስት ልጅ ነው፣ ሌላ ከተማ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ባትሪው አብጧል፣ ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፣ ቻርጅ እንዳታደርጉት፣ ሰው ከሚተኛበትም አርቁት ብሏቸው ነበር። ዛሬ ደግሞ እንዴት እንደሚያወጡት ሊያሳያቸው ነው፤ ምክንያቱም ልጅቱ ያለ ላፕቶፕ ሥራ የላትም፣ እሱን በታክሲ ይዞ ወደ ጠጋኝ መሄድም ያስፈራል።

ተኳሿ አንሶላውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች። ሌሊት የዘነበው ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶታል፣ የአንሶላው ጫፍ ጭቃውን እየነካ ነው፣ እሷ ግን ልብ አላለችም። ክፍሎቹን በሐሳቧ ዞረቻቸው። ሳሎኑ ውስጥ ወንድሟ ያድራል፤ ማንኮራፋቱ እንደ ወፍጮ ስለሆነ ሚስቱ ወደ ሶፋው ካሰናበተችው ቆየ። መኝታ ቤቱ የሚስቱ ነው። ያኛው የልጅቱ ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ የጋዝ ሲሊንደር ስላለ እብድ እንኳ እሳት የሚያስነሳ ነገር እዚያ አያስቀምጥም። ታዲያ ይህ ሰው የማያድርበት ክፍል የትኛው ነው? በዚህ ቤት ዕቃ ቤት የሚባል ነገር የለም፤ ቢኖርማ እሷ ራሷ ሻንጣዋን አልጋዋ ሥር ባልወተፈች ነበር። ከመስኮቱ ወዲያ ወንድሟ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማች። ጉሮሮውን ከጠረገ ሊናገር ነው ማለት ነው፤ ከአንድ ጡት የጠቡ ናቸው፣ ታውቀዋለች። ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። አልተናገረም።

ያን ጊዜ ነው ሆዷ የነገራት። አንሶላውን ገመዱ ላይ ወርውራ በወጥ ቤቱ በኩል ዞራ ወደ ክፍሏ ገባች፣ ጉልበቷን እያማረረች ተንበረከከች፣ አልጋዋ ሥር አየች። ሻንጣዋ አለ። ነጠላ ጫማዋ አለ። ከጫማዋ ወዲያ፣ ልክ ራሷን በምታሳርፍበት በኩል፣ በሰማያዊ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር አለ። ፎጣው የወንድሟ ሚስት ነው፤ ስንቴ ተኩሳዋለች። ጫፉን ገለጥ ስታደርገው ላፕቶፑ ሆዱን ነፍቶ፣ አፉን ከፈት አድርጎ፣ አጠገቧ ሲያድር እንደ ኖረ ዘመድ ጋደም ብሏል።

መልሳ ሸፈነችው። አልጮኸችም። እሷን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ባልጮኸችበት ሰዓት ነበር መሸሽ ያለበት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ክፍሏን አየችው፤ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ካፖርት፣ ረጅሙን የመተኮሻ ጠረጴዛዋን፣ መስኮቱ ላይ ያለውን የመድኃኒት ብልቃጥ፣ መነጽሯን። ይህ ሁሉ የማን መስሏቸው ነው? እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ፣ ቁም ሳጥን ነኝ? ደግሞ ያቺ ሴትዮ! ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም፣ ችግሩም ይኸው ነው። «እርስዎ» ብላ ትጀምራለች «እርስዎ» ብላ ትጨርሳለች፣ መሐል ላይ ስትወጋሽ ደሙን እንኳ አታይም።

ይህን እያሰበች ሳለ በሩ ገርበብ አለ። «እትዬ» አለች የወንድሟ ሚስት፣ ራሷን ብቻ አስገብታ፤ «ካላስቸገርኩዎት መድኃኒት ቤት ብቅ ብለው ጠንካራውን አልኮል ያመጡልናል? መርፌ የሌለው ስሪንጅም። ለሙጫው ነው፤ ባትሪው በሙጫ ነው የተለጠፈው አሉ።»

«አመጣለሁ» አለች ተኳሿ።

«ሲመለሱ ደግሞ ሳሎን አረፍ ቢሉ ይሻላል፤ ቴሌቪዥንም አለ።»

«እሱ ደግ ነገር ነው» አለች ተኳሿ፣ ካፖርቷን እያወረደች። ሴትዮዋ ዓይኗን ወደ አልጋው ሥር ጣል አድርጋ ቶሎ መለሰችው። ተኳሿ አየቻት። ሁለቱም ምንም አላሉም፤ በዚያ ቤት ዘመድ ከዘመድ የሚነጋገረው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው።

መንገዱ ላይ ጭቃውን እየዘለለች ለወንድሟ ሚስት የምትለውን ታዘጋጅ ነበር። አንዱን ታነሳለች፣ አነሰ ብላ ትጥለዋለች፣ የባሰ ታነሳለች። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የቆሙ ሴቶች ዳቦው በየሳምንቱ ሲያንስ ዋጋው ግን ማደጉን እያማረሩ ነበር፤ በሌላ ቀን ቢሆን ቆማ የራሷን ትጨምርላቸው ነበር፣ ዛሬ በደረቁ ሰላም ብላ አለፈች። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሰው ተሰልፏል። ተራዋ ሲደርስ ነጭ ጋዋን የለበሰችው ሻጭ አልኮሉን እያወረደች «ለቁስል ነው እማማ?» አለቻት።

«ለእብጠት።»

«የትዎ ጋ ነው ያበጠው?»

«እኔን አይደለም። እሱ ሆዱ ነው ያበጠው።»

ሻጯ ጠርሙሱን እንደያዘች ቆመች። «ሐኪም አይቶታል?»

«በስልክ አይቶታል።»

«እማማ፣ ላበጠ ሆድ አልኮል አይሆንም፤ ሰውዬውን ሆስፒታል ውሰዱት።»

«ሰውዬ ያለው ማነው? ላፕቶፕ ነው።»

ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንዱማ «መንታ ነው እንዴ?» አለ። ተኳሿ «ልደቱ ላይ እጠራሃለሁ» አለችው፣ እሱም አፈረ። ሻጯ ግን ሳቋን ቶሎ ነው የሰበሰበችው። ጎረቤቷ ያበጠ ባትሪ ያለው ስልክ ትራሱ አጠገብ አድርጎ ይተኛ እንደነበር፣ አንድ ሌሊት ቦግ ብሎ ፍራሹን እንደያዘው፣ ሰውዬው ቢተርፍም አንድ ጆሮውና ጉንጩ እንዳልነበር ሆኖ መቅረቱን ነገረቻት። «ድምፅ እንኳ አይሰጥም እኮ» አለች፤ «እንዲያው ቦግ ነው። ለመሆኑ እናንተ የት ነው ያስቀመጣችሁት?»

ሰልፉ ጸጥ ብሎ ይሰማል። ተኳሿ ምን ትበል? የምኖረው ወንድሜ ቤት ነው፣ አልጋዬ ሥር አስቀምጠውልኛል ትበል? ያን ሁሉ ዘመን ሠርታ በላች፣ የማንንም ዓይን አላየች፣ አሁን የማታውቀው ሰው ሁሉ ከንፈር ይምጠጥላት?

«ሰው የማያድርበት ክፍል ነው ያለው» አለች።

«ጎበዞች! የሚያውቅ ሰው አላችሁ ማለት ነው» አለች ሻጯ፣ አልኮሉንና ስሪንጁን በወረቀት እየጠቀለለች።

ወጥታ ጥቂት እንደሄደች ከአንድ ሱቅ አጥር ጥግ ቆመች። ቃሉ ከገዛ አፏ ሲወጣ መስማቷ ከሁሉ ይልቅ አቃጠላት። እነሱ አንዴ አሉት፣ እሷ ደገመችው። አንድ ሰው ራሱን ከክፍሉ ሲያስወጣ እንዲህ ነው ለካ፤ ማንም ሳይገፋው፣ ለኩራቱ ብሎ። ጉንጯን በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ «ወግጂ፣ ምን ሆንሽ!» አለች ራሷን፣ ጮክ ብላ፣ አላፊ አግዳሚው ዘወር ብሎ እስኪያያት፣ ወደ ቤትም ገሰገሰች።

ስትደርስ ክፍሏ ክፍሏን አይመስልም። የመተኮሻ ጠረጴዛዋን ወደ መስኮቱ ስበው፣ ልብሷን አልጋዋ ላይ ቆልለው፣ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኝተውታል። በሩ አጠገብ አሸዋ የተሞላ ባልዲ ተቀምጧል። ወንድሟ የድሮ የሥራ ካፖርቱን ለብሶ፣ የልጁን የዋና መነጽር ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ በትንሿ ካቻቢቴ የመጨረሻዋን ብሎን እየፈታ ነው፤ ያን ያህል የሚያሳዝን ባይሆን ያስቅ ነበር። ልጅቱ ስልኩን ይዛ ቆማለች፣ እናቷ ከኋላዋ። «ክዳኑ ሲነሳ መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ንቀሉ» ይላል ስልኩ። «ብረት እንዳታስገቡበት። እንዳትወጉት፣ እንዳታጥፉት። ጣፋጭ ሽታ ከሸተታችሁ ጥላችሁ ውጡ።»

ተኳሿ አልኮሉን ለልጅቱ ሰጥታ በመሐላቸው አለፈችና አልጋዋ ላይ፣ የተቆለለው ልብሷ አጠገብ ቁጭ አለች።

«እታለም፣ አንቺ ሳሎን ሁኚ» አለ ወንድሟ፣ ቀና ሳይል። «አደጋ አለው።»

«ሌሊት አልነበረውም?»

ካቻቢቴው ቆመ።

«ሌሊት ምን?» አለች ልጅቱ። አባቷን አየች፣ እናቷን አየች። «አባዬ፣ ሌሊት የት ነበር ላፕቶፑ?»

የወንድሟ ሚስት ባሏን አየችው፤ ተኳሿ ያችን አስተያየት ያዘቻት፣ «አድነኝ» የምትል መሰለቻት፣ ደሟም ፈላ። «ምን ታይዋለሽ? ፎጣው ያንቺ አይደለም እንዴ?» አለቻት። «እኔ ሞኟ እርስዎ፣ እርስዎ ስትይኝ የምታከብሪኝ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ለሬሳ ነው ስታወሪ የኖርሽው።»

ሴትዮዋ ፊቷ ደም መሰለ። አፏን ከፈተች፣ እንደገና ወደ ባሏ አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች። ወንድሟ የያዛትን ብሎን በጣቱ ያገላብጣል፣ እንደ ዕንቁ።

«ምን ተፈጠረ? ለምን ዝም አላችሁ?» አለ ስልኩ።

ተኳሿ ተነሥታ ከልጅቱ እጅ ስልኩን ወሰደች። «ስማኝ ልጄ» አለችው፤ «ሰው የማያድርበት ክፍል ያሉህ የኔ ክፍል ነው። እኔ አድርበታለሁ። ትናንትም አድሬበታለሁ፣ ያ ነገር ከራሴ በታች ሆኖ። ዛሬም እዚሁ ነው የማድረው። በዚህ ቤት ሰው የማያድርበት ክፍል የለም፤ ይህን ይዘህ ምከራቸው።»

«ይቅርታ እማማ፣ አላወቅሁም» አለ ሰውዬው። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «አሁኑኑ ወደ ውጭ አውጡት። ግቢ አላችሁ አይደል? ፀሐይ የማይመታው ቦታ። ለምን እስካሁን ቤት ውስጥ ሆነ? ቀስ ብላችሁ፣ ሳታዘነብሉ።»

አወጡት። ወንድሟ ላፕቶፑን በሁለት እጁ፣ እንደ ሞላ ሳህን፣ ልጅቱ ጠረጴዛውን፣ ሚስቱ ባልዲውን፤ ተኳሿም ባዶ እጇን ተከተለች። አጥሩ ጥግ ጥላው ውስጥ አሰናዱት። ክዳኑ ሲነሳ ባትሪው ታየ፤ ጥቋቁር ከረጢቶች ጎን ለጎን ተለጥፈው፣ እንደ ትንንሽ ትራስ ተነፍተው። ወንድሟ ሶኬቱን ነቀለ። አልኮሉን በስሪንጁ እየሳበ በከረጢቶቹ ጠርዝ ዙሪያ አንጠባጠበ፣ ሙጫው እስኪላላ ጠበቁ። አንሶላው ገመዱ ላይ ይርገበገባል፣ ጎረቤት ሬዲዮ ይጮኻል፣ የወንድሟ ሚስት በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ተኳሿ ስታያት «አልኮሉ ነው» አለች። ልጅቱ ዓይኗን ከላፕቶፑ አላነሳችም፤ ደንበኛዋ ሰኞ ይመጣል፣ የሰውዬው ቤት በሙሉ፣ ሳሎኑም ደረጃውም፣ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ወንድሟ የድሮ የመሥሪያ ቤት መታወቂያውን፣ ያችን ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ከባትሪው ሥር ከአንድ ጎን አስገብቶ ወዲህ ወዲያ ያደርጋት ጀመር። ትንሽ ገባች። ቆመች። አልኮል ጨመረ፣ እንደገና ገባች። «አትቸኩሉ፣ ሙጫው ራሱ ይለቃል» ይላል ስልኩ። እሱ ግን ላቡ መነጽሩን ሸፍኖታል፤ ዓይኑ ወደ እህቱ ይሄድና ይመለሳል። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና ካቻቢቴውን አነሣ።

«የብረት ድምፅ ሰማሁ! ምንድን ነው?» ብሎ ጮኸ ስልኩ።

ደንግጦ ካቻቢቴውን ሲጥል በሌላው እጁ የያዘው መታወቂያ ባትሪውን ሽቅብ አነሣው፣ ከሥሩም ረዥም «ጥ-ር-ር-ር» የሚል ድምፅ ወጣ። ወንድሟ ልጁን በአንድ እጁ፣ ሚስቱን በሌላው አፈፍ አድርጎ ወደ በረንዳው ሮጠ። ሦስቱም ከምሰሶው ኋላ ተሸጉጠው አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ተኳሿም ጠረጴዛው አጠገብ ቀርታለች። ጀግና ሆና አይደለም፤ እግሯ ስላልታዘዘላት፣ ደግሞም ማንም ስላልጎተታት ነው።

«ሽታ አለ? ጭስ አለ? ማን አለ እዚያ?» ይላል ስልኩ።

«እኔ አለሁ» አለች ተኳሿ። ጎንበስ ብላ አሸተተች። «የአልኮል ነው የሚሸተው። ጭስ የለም። አንደኛው ጎን ተነሥቷል።»

«እንግዲያው ሙጫው ነው የለቀቀው። እግዚአብሔር ይመስገን። እማማ፣ እርስዎ አይንኩት፣ ሰውዬውን ይጥሩት።»

«ና» አለችው ወንድሟን። «ሙጫ ነው።»

እንደ ተቀጣ ልጅ አንገቱን ደፍቶ መጣ። የቀረውን በፕላስቲኩ ብቻ፣ አልኮሉን ጠብ ጠብ እያደረገ፣ እየጠበቀ፣ አላቀቀው። ባትሪውን ሳያጥፍ በሁለት እጁ አንሥቶ አሸዋው ላይ አጋደመው፣ ሌላ አሸዋ ደረበበት፣ ባልዲውን ከቤቱም ከአጥሩም አርቆ፣ ዝናብ እንዳይነካው ቆርቆሮ ሸፈነበት። ሰኞ ውዳቂ ባትሪ የሚቀበሉ ሰዎች ዘንድ ይወስደዋል። ላፕቶፑን ገጣጥመው ያለ ባትሪ በገመዱ ብቻ ሲሰኩት በራ። ልጅቱ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ አባቷን አቀፈች፣ ስልኩን ሳመች፣ የደንበኛዋ ቤት ፕላን ከነደረጃው ሲወጣላት አለቀሰች። ከዚያ ወደ አክስቷ ዞራ «አክስቴ፣ እውነት አልጋሽ ሥር ነው ያደረው?» አለች በዝግታ። ተኳሿ «ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አለቻት። ጠረጴዛዋን ወደ ክፍሏ መልሰው፣ ልብሷን ከአልጋው አነሡላት።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ልብስ ተኮሰች። ራት ሲጠሯት አልራበኝም አለች። የወንድሟ ሚስት ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ስታነሣና ስታስቀምጥ በግድግዳው ይሰማታል፤ ትምጣና ይቅርታ ትበል፣ ያን ጊዜ የምላትን እኔ አውቃለሁ፣ ትል ነበር በልቧ። ገና ያልተተኮሰ ብዙ ነበራት።

በሩ ሲንኳኳ ግን የመጣው ወንድሟ ነው። ካፖርቱን አላወለቀም፣ ጣቶቹ ላይ የደረቀው ሙጫ እንደ ቅርፊት ተነሥቷል። ደፉ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እታለም፣ እሷን አትቀየሚያት» አለ።

«እንዴት አድርጌ ነው የማልቀየማት?»

«እሷ በፎጣ ጠቅልላ በረንዳ ላይ ነበር ያስቀመጠችው። ዝናቡ ሲመጣ እኔ ነኝ ያስገባሁት። ሳሎን እንዳላኖረው እኔ እዚያ ነው የምተኛው፤ ፈራሁ። እሷ ያወቀችው ጠዋት ነው። ስልኩ ላይም ለኔ ብላ ነው የዋሸችው።»

ተኳሿ ካውያውን አቆመችው። ከግድግዳው ወዲያ የሳህኑ ድምፅ ጸጥ ብሏል። ቀኑን ሙሉ የሳለችው ቃል ሁሉ አንድም ለዚህ ሰውዬ የተዘጋጀ አልነበረም። ፊቱን አየችው፤ ልጅ ሆነው አንድ ብርድ ልብስ ሲሻሙ የምታውቀው ፊት ነው፣ ሽበት ጨመረ እንጂ።

«ስታስገባው ተኝቼ ነበር?» አለችው።

«ተኝተሽ ነበር» አለ። «እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ጫማዬን አውልቄ ነው የገባሁት።»